እሳት በምን ይነሣል? የነካውንስ ምን ያደርገዋል?

ለአረርቲና ለአካባቢዋ እናቶችና ቤተ ሰቦች የተጻፈ የቤት ጤና ትምህርት

ጎሕ ሲቀድ ከአልጋ ወርዳችሁ መጀመሪያ የምትፈልጉት እሳት ነው። ማታም ከሁሉ በኋላ ትታችሁት የምትተኙት እሱኑ ነው። እንጀራው የሚጋገረው፥ ወጡ የሚሠራው፥ ቡናው የሚፈላው፥ አራሷም የምትሞቀው በእሳት ነው። ይህን ያህል አብሮን እየኖረ ግን ከምን እንደሚነሣ፥ በምን እንደሚጠፋ፥ የሚቃጠለውም ነገር ወዴት እንደሚሄድ ቁጭ ብለን የተነጋገርንበት ቀን ጥቂት ነው።

ይህችን ጽሑፍ እንድጽፍ ያነሣሣኝ አንድ ነገር አለ። በጥር ወር አንዲት አያት የአራት ዓመት የልጅ ልጃቸውን አዝለው ወደ ጤና ጣቢያ መጡ። የፈላ ሽሮ በልጅቱ እጅና ደረት ላይ ተገልብጦባታል። ቁስሉ ግን አይታይም። በቅቤ ተለውሶ፥ በላዩም የቡና ዱቄት ተነስንሶበት ነበር። «እማማ፥ ቅቤውን ለምን ቀቡት?» ብዬ ብጠይቃቸው፥ «ያበርድላታል ብዬ ነዋ ልጄ፤ እኔንስ እናቴ እንዲሁ አይደል ያደረገችኝ» አሉኝ። እውነታቸውን ነው። እኔም ልጅ ሳለሁ እሳት የነካው ሰው ሁሉ ቅቤ ሲቀባ ነበር የማየው። ታዲያ ያንን ቅቤና ቡና ከተላጠ ገላ ላይ አጥበን እስክናነሣ ድረስ ልጅቱ የጮኸችው ጩኸት፥ ሽሮው ሲደፋባት ከጮኸችው የሚያንስ አይመስለኝም። አያቲቱም ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዙረው ያለቅሱ ነበር። የወደዷትን ልጅ ነው እኮ ሳያውቁ ያሳመሟት። ስለ ቅቤው ወደ በኋላ እመለስበታለሁ። አስቀድመን እሳቱን እንወቀው።

የእሳት ሦስት ጉልቻ

ድስት በሦስት ጉልቻ እንደሚቆም ሁላችሁም ታውቃላችሁ። አንዱን ጉልቻ ብታወጡት ድስቱ ይወድቃል። እሳትም እንዲሁ በሦስት ነገር ላይ ይቆማል። አንደኛው የሚቃጠል ነገር ነው፤ ይኸውም እንጨት፥ ኩበት፥ ገለባ፥ ላምባ፥ ጨርቅ የመሰለው ሁሉ ነው። ሁለተኛው አየር ነው። ሦስተኛው ሙቀት ነው። ሦስቱ በአንድነት ካልተገናኙ እሳት አይነሣም፤ ከተነሣም በኋላ አንዱ ሲጎድልበት ይሞታል። እሳት ማጥፋት የሚባለው ጥበብ ሁሉ ከዚህ የወጣ ነው።

ድሮ ክብሪት እንደ ልብ በማይገኝበት ጊዜ እናቶቻችን ማታ ፍሙን በአመድ ያዳፍኑት ነበር። ጧት አመዱን ገለጥ አድርገው እፍ ሲሉበት ይነሣል። ያላዳፈነችው ደግሞ ገል ወይም ኩበት ይዛ ከጎረቤት እሳት ልትጭር ትሄዳለች። እነዚያ እናቶች ትምህርት ቤት ባይገቡም የእሳትን ነገር በእጃቸው ያውቁት ነበር። አመዱ ለፍሙ ከሚያስፈልገው አየር ጥቂቱን ብቻ ስለሚያሳልፍለት፥ ፍሙ ሳይሞትም ሳይነድም ያድራል። ጧት እፍ ሲሉበት አየሩን ሰጡት ማለት ነው። ማራገቢያውም ሥራው ይኸው ነው። ክብሪት ስንጭር ደግሞ የምንሰጠው ሙቀትን ነው። የክብሪቱ ራስ በሳጥኑ ጎን ሲፈተግ ይሞቃል፤ በቀላሉ የሚቃጠል ቅመም ስላለበትም ወዲያው ይነዳል፥ ከዚያም እንጨቱን ያቀጣጥላል። «ክብሪት» የሚለው ቃል ራሱ በዐረብኛ ዲን ማለት ነው።

አሁን አንድ ነገር በቤታችሁ ሞክሩ፤ ልጆቻችሁም ይዩት። ጧፍ ወይም ሻማ ለኩሱና ጥቂት ይንደድ። ከዚያ እፍ ብላችሁ አጥፉት። ከክሩ ነጭ ጢስ ቀጥ ብሎ ሲወጣ ታያላችሁ። ጢሱ ሳያልቅ የሚነድ ክብሪት ወደ ጢሱ ብቻ አስጠጉ፥ ክሩን አትንኩት። ነበልባሉ በጢሱ ላይ ዘሎ ወደ ክሩ ይመለሳል። ይህን ነገር ማይክል ፋራዴይ የሚባል እንግሊዛዊ ሊቅ በኤውሮፓ አቈጣጠር በ1860 መጨረሻ ላይ በለንደን ለልጆች ባስተማረው የሻማ ትምህርት አሳይቶታል። ምን ያስተምረናል ቢሉ፥ የሚነደው ሰሙ ራሱ ሳይሆን ከሰሙ የሚወጣው ትነት መሆኑን ነው። እንጨትም እንዲያ ነው። እንጨት ሲሞቅ ከውስጡ የሚቃጠል ትነት ይወጣል፤ ነበልባል ብለን የምናየው እሱ ሲነድ ነው። ትነቱ ወጥቶ ሲያልቅ የሚቀረው ፍም ነው። ፍም ነበልባል የሌለውም ስለዚህ ነው።

እርጥብ እንጨት ለምን ዐይን ያወጣል? ሙቀቱ መጀመሪያ በእንጨቱ ውስጥ ያለውን ውሃ በማትነን ያልቃልና፥ እንጨቱ በሚገባ ሳይግል ትነቱ ሳይነድ በጢስ መልክ ይወጣል። የምታለቅሱት በከንቱ ለባከነ ማገዶ ነው ቢባል ይቻላል። እንጨቱን ቀደም ብሎ ፈልጦ፥ ዝናም በማይነካው ቦታ ማድረቅ ለዐይንም ለማገዶም ይበጃል።

የተቃጠለው ወዴት ሄደ?

መቶ ኪሎ ደረቅ እንጨት ብታነዱ የሚተርፈው አመድ አንድ ሁለት ኪሎ ቢሆን ነው። የቀረውስ? ጠፍቶ አይደለም። የፈረንሳይ አገር ሊቅ ላቯዚዬ በኤውሮፓ አቈጣጠር ከ1770 በኋላ ባሉት ዓመታት እየመዘነ እንዳሳየው፥ መቃጠል ማለት የሚነደው ነገር በአየር ውስጥ ካለው ኦክሲጅን ጋራ መዋሐድ ነው። ከምንተነፍሰው አየር አንድ አምስተኛው ያህል ኦክሲጅን ነው። እኛም እሳትም የምንኖረው በሱ ነው። ስለዚህ እሳትና ሰው በአንድ ዝግ ቤት ሲያድሩ ለአንድ ምግብ ይሻማሉ።

እንጨቱ አየር ሲጠግብ ወደ ካርቦን ዳይኦክሳይድና ወደ ውሃ ትነት ይለወጣል፤ ሁለቱም አይታዩም። አየር ሲያንሰው ግን አቃጠሎው ጎዶሎ ይሆናል። ያን ጊዜ ሁለት መጥፎ ነገሮች ይመጣሉ። አንዱ የሚታየው ጢስና ጥላሸት ነው። ሁለተኛው የማይታየው፥ የማይሸተውም፥ ካርቦን ሞኖክሳይድ የሚባለው መርዝ ነው።

የሚታየውን ላስቀድም። የቤታችሁን ጣራ ከውስጥ ቀና ብላችሁ እዩት። ያ ጥቁር ጥላሸት በየቀኑ ወደ እናንተና ወደ ሕፃናቱ ሳንባም ገብቷል። በጢስ ቤት የሚያድግ ሕፃን ለሳንባ ምች ይጋለጣል፤ ለዓመታት በምድጃ አጠገብ የምትውል እናት ደግሞ ለማይለቅ ሳልና ለትንፋሽ ማጠር፥ ለዐይን ሞራም ጭምር። የዓለም የጤና ድርጅት እንደሚለው በኤውሮፓ አቈጣጠር በ2020 በቤት ውስጥ ጢስ ምክንያት በዓለም 3.2 ሚሊዮን ያህል ሰዎች ሞተዋል። ከነዚህም ከ237,000 በላይ የሚሆኑት አምስት ዓመት ያልሞላቸው ሕፃናት ናቸው። ልጅ ታዝሎ ሲጋገር ጢሱ ለሁለት ነው። ብትችሉ ሕፃኑን ለታላቁ ወይም ለአያቱ ሰጥታችሁ ጋግሩ። ማድ ቤቱን ከመኝታ ቤት መለየት፥ ከጣራው ሥር መተንፈሻ መክፈት፥ «ምርጥ» የሚባለውን የእንጀራ ምድጃ መጠቀም ይጠቅማል። ይህ ምድጃ እሳቱን ዙሪያውን ስለሚከልለው ከሦስት ጉልቻ ጋራ ሲነጻጸር ማገዶውን ወደ ግማሽ ያህል ይቀንሳል። ለአባወራዎችም ይህን እላለሁ፦ መተንፈሻ ለመክፈት ግማሽ ቀን አይፈጅባችሁም።

ከሰል ጢስ ስለሌለው አይገድልም ማለት

ይህ ከሁሉ የከፋው ስሕተት ነው። ፍም ሲሆን ከሰል ጢስ የለውም፤ ሽታውም ያን ያህል አይደለም። ካርቦን ሞኖክሳይድን የሚያወጣው ግን ያን ጊዜም ነው። ይህ መርዝ ወደ ደም ሲገባ የኦክሲጅንን ቦታ ይይዛል፤ ከኦክሲጅንም ይልቅ ከ200 ጊዜ በላይ አጥብቆ ከደም ጋራ ይያያዛል። ሰውየው መተንፈሱን አላቆመም፥ ነገር ግን የሚተነፍሰው አይደርስበትም። ራስ ምታት፥ ማቅለሽለሽ፥ የጉልበት መክዳት ይጀምረዋል፤ ከዚያ እንቅልፍ ይወስደዋል፤ በዚያው ይቀራል። አንቆት ቢሆን ኖሮ ይነቃ ነበር። ይኸኛው ግን እያባበለ ነው የሚወስድ።

በምንጃር ቆላው ይህ ያን ያህል ባያሰጋም፥ ዘመዶቻችን ባሉበት በአንኮበርና በደብረ ብርሃን ብርዱ ቀልድ አይደለም። በኅዳርና በታኅሣሥ ሌሊት በሩን ዘግቶ፥ ቀዳዳውን በጨርቅ ወትፎ፥ ምድጃውን አስገብቶ መተኛት የተለመደ ነው። አራስ ቤትም እንዲሁ ነው፤ ነፋስ እንዳይመታት ተብሎ ይደፈንና እሳት ይገባላታል። እናቶች ሆይ፥ አራሷን በልብስና በጋቢ አሙቋት፤ ሕፃኑን ከገላዋ ጋራ አጣብቁት፤ ከእናት ገላ የሚበልጥ ማሞቂያ የለም። ከሰሉን ከደጅ አያይዙት፤ ቤት ከገባም በርና መስኮት ይከፈት፤ ከመኝታ በፊት ደግሞ ወደ ውጭ ይውጣ። በአንድ ቤት ያሉ ሰዎች ሁሉ በአንድ ጊዜ ራሳቸውን ካመማቸው የበላነው ነው፥ ምች ነው እያላችሁ አትከራከሩ። በሩን ክፈቱ፥ ሁሉንም ወደ አየር አውጡ፥ ያልነቃውን ተሸክማችሁ ወደ ጤና ጣቢያ ሩጡ።

ቤት የሚያቃጥለው

በእኛ አገር የጤፉ ውቂያ ሲያልቅ ገለባው ከቤት ጀርባ ይከመራል። ወቅቱ በጋ ነው፥ ነፋሱ ይበረታል፥ ሣሩ ደርቋል። ሦስቱ ጉልቻ ተሰናድተው አንድ ብልጭታ ብቻ ይጠብቃሉ ማለት ነው። ክምሩን ከቤቱና ከማድ ቤቱ በደንብ አርቁ፤ አመድ ስትደፉም በውሃ ወይም በአፈር አብርዱት፥ በአመድ ውስጥ የተዳፈነ ፍም እስከ ማግሥቱ ይቆያልና። ሌላም ብዙ ሰው የማያምነው ነገር አለ። እርጥብ ሆኖ የተከመረ ድርቆሽ ወይም ገለባ በውስጡ ሲበሰብስ ይሞቃል፤ ሙቀቱ መውጫ ሲያጣ ማንም ሳይለኩሰው ሊነሣ ይችላል። ክምሩ ውስጥ እጅ ሲሰዱ የሚፋጅ ከሆነ አስጊ ነው።

ኩራዝ ባለበት ቤት፥ ላምባ የሚጨመረው እሳቱ ጠፍቶ ኩራዙ ከበረደ በኋላ ብቻ ነው። ቤንዚን የተቀላቀለበት ላምባ በኩራዝ ውስጥ ቦንብ ነው። የላምባው ጠርሙስ የልጅ እጅ በማይደርስበት ይቀመጥ፤ ልጅ ላምባ ቢጠጣ ለማስመለስ አትሞክሩ፥ ወደ ሳንባው ይገባልና፤ ሳትዘገዩ ወደ ጤና ጣቢያ ውሰዱት። መብራት የገባላችሁ የከተማ ሰዎች ደግሞ በአንድ ሶኬት ላይ ምጣዱንም ምድጃውንም አትደራርቡ። በኤሌክትሪክ ለተነሣ እሳት ውሃ አይደፋም፤ መጀመሪያ ከቆጣሪው ይዘጋል።

ጥቅምት 11 ቀን 2017 ዓ.ም. ማታ በአዲስ አበባ መርካቶ ሸማ ተራ የተነሣውን እሳት ብዙዎቻችሁ ሰምታችኋል። ሱቅ ከሱቅ ተጣብቆ፥ በውስጡ ጨርቅና ልብስ ታጭቆ ነበር፤ መተላለፊያው ጠባብ በመሆኑም የእሳት አደጋ መኪኖች እንደ ልብ ሊደርሱ አልቻሉም። ከተማው ብዙ መኪናና ብዙ ውሃ እያለው እንዲያ ከሆነ፥ መኪናም ቧንቧም በሌለበት ቀበሌ ዋናው መከላከያ መራራቅ ነው።

ውሃ በምንጃር ምን ያህል ውድ እንደ ሆነ ከእኔ ይልቅ ውሃ ተሸካሚዋ ታውቃለች። ደግነቱ እሳት የሚሞተው በውሃ ብቻ አይደለም። ውሃ ሙቀቱን ይወስዳል፤ አፈርና እርጥብ ጆንያ ግን አየሩን ይከለክላሉ። በማድ ቤት ደጃፍ አንድ ቆርቆሮ ደቃቅ አፈር ማስቀመጥ ወጪ የለውም። ዘይት በመጥበሻ ላይ ቢነድ ከቶ ውሃ አትድፉበት፤ ውሃው ከዘይቱ ሥር ገብቶ በአንድ ጊዜ ይተንና የሚነደውን ዘይት ወደ ፊታችሁና ወደ ጣራው ይረጨዋል። ክዳን ወይም አክንባሎ ድፉበትና ተዉት። ልብሷ የተያያዘባት ሰው አትሩጥ፤ ሩጫ አየር መስጠት ነው። መሬት ላይ ትተኛና ትንከባለል፤ እናንተም ወፍራም ጋቢ ወይም ብርድ ልብስ ጣሉባት። ናይለን ልብስ ግን ቀልጦ ከገላ ይጣበቃልና ለማዳፈኛ አይሆንም። ለማድ ቤት ሥራም ከሱ ይልቅ ጥጥ ይሻላል።

እሳት የነካው ገላ

አሁን ወደ ቅቤው ልመለስ። ሽሮው ከልጅቱ ገላ ላይ ቢጠረግም ሙቀቱ ወደ ውስጥ ገብቷል። ከምድጃ የወረደ ሸክላ ድስት ወጡን ለብዙ ጊዜ እንደሚያንተከትከው፥ የገባው ሙቀት ሥጋውን ወደ ታች እያቃጠለ ይቆያል። ቅቤ ይህን ሙቀት አያወጣም፤ እንዲያውም ይከድነዋል። ማር፥ እንቁላል፥ የጥርስ ሳሙና፥ ጭቃ፥ የቡና ዱቄት ሁሉ እንዲሁ ናቸው፤ ቆሻሻም ይዘው ይገባሉ። እበት ከሆነ ደግሞ ይባስ፤ መንጋጋ ቆልፍ የሚባለው በሽታ ዘር በአፈርና በእበት ውስጥ ይኖራል።

ሙቀቱን የሚያወጣው ንጹሕ ቀዝቃዛ ውሃ ነው። በቃጠሎው ላይ ሃያ ደቂቃ ያህል ቀስ እያደረጋችሁ አፍስሱ። ሃያ ደቂቃ ረጅም ነው፤ ልጁ ያለቅሳል፥ ጎረቤት «በቃው» ይላል። አትተዉ። ውሃው ካነሰባችሁ ከሥሩ ንጹሕ ሳፋ አድርጋችሁ ያንኑ መልሳችሁ አፍስሱት። ሳትሰሙ ጊዜ ቢያልፍ እንኳ እስከ ሦስት ሰዓት ድረስ ውሃው ይጠቅማል። በረዶ ግን አይደረግም። የቀረውን ገላ በጋቢ ሸፍኑ፥ ትንሽ ልጅ ቶሎ ይበርደዋልና። እጁ ሳያብጥ አምባሩን፥ ቀለበቱን፥ ክሩን አውልቁ። ልብሱ ከተጣበቀ አትጎትቱት፤ ዙሪያውን ቁረጡት። ውሃ የቋጠረውን አታፍርጡት፤ ያ ቆዳ ከማንኛውም ፋሻ ይበልጣል። ከዚያ በታጠበ ንጹሕ ነጠላ ሸፍናችሁ ወደ ጤና ኬላ ወይም ወደ ጤና ጣቢያ አምጡት። ከመዳፉ ሰፋ ያለ ቃጠሎ፥ ፊትን፥ እጅን፥ መጋጠሚያን ወይም ኀፍረተ ሥጋን የነካ፥ ነጭ ወይም ጥቁር ሆኖ የማያመው ቃጠሎ ለነገ አይባልም። የማያመው ቀላል መስሏችሁ እንዳትታለሉ፤ ሕመም የሚሰማው ጅማት ራሱ ተቃጥሎ ነው።

ያቺ ልጅ ድናለች። ክንዷ ላይ ግን ጠባሳው አለ፤ ክርኗም እንደ ልብ አይዘረጋም። ምድጃው መሬት ላይ ነበር። አያቲቱ አሁን ከወገባቸው ከፍ አድርገው በጭቃና በድንጋይ ሠርተውታል፤ ሄጄ አይቼዋለሁ።

ሳልነግራችሁ የማላልፈው አንድ ነገር ቀርቷል። የሚጥል በሽታ ያለበት ሰው ምድጃ አጠገብ ሲወድቅ፥ ይተላለፍብናል ብለው ሰዎች ቆመው የሚያዩበት ቦታ ዛሬም አለ። ሰው እሳት ውስጥ ወድቆ ሰው ቆሞ ያያል! ይህ በሽታ በምራቅም፥ በመንካትም፥ በትንፋሽም አይተላለፍም። ከአንጎል የሚነሣ ሕመም ነው። ፈጥናችሁ ከእሳቱ ጎትቱት፥ በጎኑ አስተኙት፥ በአፉ ምንም አታስገቡ። ክብሪት ጭሮ ማሽተትም ተዉ፤ አያነቃውም፥ ከዚያም በላይ ሌላ እሳት በእጃችሁ ትይዛላችሁ። ከዚያ ቃጠሎውን በውሃ አብርዱ። ለበሽታው በየቀኑ የሚዋጥ ክኒን አለ፤ ፌኖባርቢታል ይባላል፥ ዋጋውም ከባድ አይደለም። በቤታችሁ እንዲህ ያለ ሰው ካለ፥ እሱ ወይም እሷ ብቻቸውን ምድጃ አጠገብ አይዋሉ፤ ደብቃችሁ ከማስቀመጥም በሚመቻችሁ ቀን ወደ ጤና ጣቢያ ይዛችኋቸው ኑ።